ጫማ አውልቀው የሚያነቡበት ቤት

ከጃፓን ከተመለስኩ ወዲህ የማኅበራችን ሴቶች የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ምን በላሽ?» ይሉኛል። ስለ ባቡሩ፣ ስለ ሰዉ፣ ስለ ሙቀቱ የጠየቀኝ የለም። አልፈርድባቸውም። በፍልሰታ ጾም ዓሣ እንደ ጨው ወደሚነሰነስበት አገር የሄደች ሴት መጀመሪያ የምትመረመረው በአፏ ነው። እንግዲህ ለእነሱም፣ ወደዚያ መሄድ ለማያስበው ለሌላውም፣ የሆነውን በየቀኑ ለይቼ ጽፌዋለሁ። የበላሁትም አለበት፤ ብዙ አይደለም።

የሄድኩት ለሽርሽር አልነበረም። ልጄ ሰሎሜ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ዩኒቨርሲቲ የጃፓን ቋንቋ ስትማር «ምን ይሠራልሻል?» ስላት ከረምኩ፤ የሚሠራላት ነገር ተገኘና አፌን አስያዘኝ። ከቶኪዮ አንድ ሰዓት በምትርቅ ትንሽ ከተማ ለሕፃናት እንግሊዝኛ የማስተማር ሥራ አገኘች። የነገረችኝም የቪዛው ጉዳይ ካለቀ በኋላ ነው። አባቷ በልጅነቷ አርፏል፤ ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል በሚባለው ሰፈር፣ አፓርትመንታችን ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። አልጮህኩም። «መጀመሪያ አገሩን ልየው» አልኳት።

«ኦኬ ማሚ፣ አብረን እንሂድ» አለችኝ። «አይተሽ ከመረቅሽኝ እቀራለሁ። ካልመረቅሽኝ አብሬሽ እመለሳለሁ፤ ፕሮሚስ።»

ቃሏን የምትጠብቅ ልጅ ናት። እኔም ለሁለታችንም የደርሶ መልስ ትኬት አስቆረጥኩ። ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

*ማክሰኞ*

ሻንጣዬ ውስጥ ቆሎ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ነበር። በእጅ ቦርሳዬ ደግሞ አንድ ሊትር ተኩል ጸበል። ፍተሻው ላይ ወጣቱ ሠራተኛ ጠርሙሱን አነሣና «ይህን ያህል ውኃ ማሳለፍ አይቻልም» አለኝ።

«ውኃ አይደለም» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። «ምንድን ነው ታዲያ?»

«ውኃ ነው፣ ውኃ ነው!» አለች ሰሎሜ ከኋላዬ፤ ከዚያ በአማርኛ፣ «ማሚ በእግዚአብሔር፣ ሊያስሩን ነው።»

ጸበል ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይደፋም። ሰልፉን አቁሜ እዚያው ጠጣሁት። ሠራተኛው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ በመጨረሻ ግን ዓይኑ አዘነልኝ፤ «ማም፣ ቀስ ብለው ይጠጡ» አለኝ። አሥራ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ በረራ፣ መቀመጫዬ መስኮት ጥግ፣ ከአጠገቤ ሁለት የተኙ ሰዎች። ስለዚያ በረራ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

*ረቡዕ*

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተነሣን፤ ፀሐይ ሳትጠልቅብን ረቡዕ አመሻሽ ላይ ደረስን። ሌሊቱን ፈልጌ አጣሁት። ለሌላው ሰው ይህ የሰዓት ጉዳይ ነው፤ ለእኔ ግን የጾም ቀን ጉዳይ ሆነብኝ። ማረፊያችን እንደገባን ቶሮንቶ ላሉት የንስሐ አባቴ ደወልኩ።

«አባ፣ አንድ የጾም ቀን መንገድ ላይ ጠፋብኝ። ስጨርስ ልጨምርበት?»

«የት ሆነሽ ነው?»

«ጃፓን ነኝ አባ።»

«መንገደኛ አይደለሽም እንዴ ታዲያ? መንገደኛና በሽተኛ አይገደዱም።»

«ጤነኛ ነኝ አባ። መንገዱም ቢሆን በባቡር ነው፤ ተቀምጬ ነው የምሄደው።»

  «ልጄ» አሉ፣ «ቀኑን እግዚአብሔር ይቁጠረው። አንቺ ልጅሽን አዳምጪ።»

እኔ የጠየቅኳቸው ሌላ፣ እሳቸው የመለሱልኝ ሌላ መስሎኝ ትንሽ ቅር አለኝ።

*ሐሙስ*

ያረፍንበት አንዲት መበለት የምታስተዳድረው አነስተኛ ማረፊያ ነው። መኝታው ወለል ላይ የሚነጠፍ ፍራሽ ነው። እኔ እንግዲህ ቶሮንቶ ኤርፖርት አካባቢ ባለ ሆቴል አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልጋ ያነጠፍኩ ሴት ነኝ። ማልጄ ተነሥቼ ፍራሹንም አንሶላውንም ጥርት አድርጌ አጠፍኩና ሴትዮዋ መጥታ እስክታደንቅ ጠበቅኩ።

መጣች። አየች። እጅ ነሣች። ከዚያ ተንበርክካ ያጠፍኩትን ሁሉ ፈታችው።

በሥራዬ አለቆች ብዙ ብለውኛል፤ እጥፋቴን ግን የነካብኝ አልነበረም። ሴትዮዋ ፍራሹን በሦስት አጠፈች፣ ጠርዙን በመዳፏ ዳበሰች፣ እንደገና ፈታችና ወደ እኔ ገፋችው። ተራዬ ነበር። ሦስት ጊዜ አሳጠፈችኝ። በሦስተኛው ራሷን ነቀነቀችና ወጥታ አንድ የተላጠ ኮክ ይዛልኝ መጣች። ዲፕሎማዬ መሆኑ ነው።

ቀን ምግብ ፍለጋ ወጣን። ሰሎሜ በጃፓንኛ የጻፈችው ካርድ ነበረን፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት እንደማልበላ ይገልጻል። በመጀመሪያው ምግብ ቤት አስተናጋጁ ካርዱን አነበበና ወጥ ቤት ይዞት ገባ። ወጥ ሠሪው ወጣና ይቅርታ ጠይቆ እጅ ነሣ፤ ሾርባው ሁሉ መሠረቱ ዓሣ ነው አለ። በሁለተኛውም እንደዚሁ። በሦስተኛው ሦስት ሰዎች እስከ በር ድረስ ሸኙን፤ በዝናብ ጃንጥላም ያዙልን። በሕይወቴ እንደዚያ ተከብሬ ተርቤ አላውቅም። ዝናቡ ሲያባራ ፓርክ ውስጥ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ በሶዬን በውኃ በጥብጬ ጠጣሁ።

*ዓርብ*

ሰሎሜ ልትሠራበት የፈለገችውን ትምህርት ቤት አየን። ባቡሩ በተባለው ደቂቃ መጣ፣ በተባለውም ደቂቃ አደረሰን። በሬክስዴል አውቶቡስ ስንጠብቅ ከሰው ጋር ትውውቅ እንጀምራለን፤ እዚህ ሰላም ለማለት እንኳ ጊዜ የለም።

ግቢውን ዞርኩ። መጸዳጃ ቤቱን አየሁ፤ ሙያዬ ስለሆነ ጥግ ጥጉን በጣቴ ነካሁ። ልትኖርበት የታሰበውን ክፍል አየሁ፤ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ቆልፌ ከፈትኩ። ዳይሬክተሯ እንግሊዝኛ የምትናገር ጎልማሳ ሴት ናት።

«ልጄ ብትታመም ማን ያውቃል?» አልኳት።

«ጎረቤቷ እኔ ነኝ» አለችኝ። «ግድግዳው ስስ ነው፤ ስታስል እሰማለሁ።»

ጉድለት ፈልጌ አጣሁ። ይህም በጣም አስከፋኝ። ሰሎሜ እስከ ማታ አጠገብ አጠገቤ እየሄደች ፊቴን ታያለች፤ እኔም ፊቴን አላሳያትም። የቀረን ሁለት ቀን ነው።

*ቅዳሜ*

ሲዘንብ ዋለ። ሰሎሜ «ማሚ፣ አንድ የምወደው ዓይነት ቦታ ላሳይሽ። ብትጠይው እንወጣለን» አለችኝና ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ወዳለ ቤት ወሰደችኝ። የመጻሕፍት ካፌ ይሉታል፤ ያለው መጽሐፍ ግን ሁሉም ማንጋ ነው፤ በሥዕል ተረት የሚተርኩበት የጃፓን መጽሐፍ። በሰዓት ከፍለው ይገባሉ፣ ሻይ ይሰጣቸዋል፣ የፈለጉትን ከመደርደሪያ እያወረዱ ያነባሉ። ሰሎሜ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ክፍሏን የሞላችው በዚህ ነው። እኔ ቀንድ ያለው ሥዕል አንድ ቀን ሽፋን ላይ አይቼ «የሰይጣን መጽሐፍ» አልኩት፤ ከዚያ ወዲህ አንዱንም ከፍቼ አላውቅም።

በሩ ላይ ጫማ ይወለቃል። እኔ ጫማ አውልቄ ደጃፍ የምረግጥበት ቦታ አንድ ነው። ጫማዬን አውልቄ ደፉን ስሻገር ሰውነቴ በራሱ ፈቃድ አማተበ፣ ጎንበስ አለና የበሩን መቃን ሳመ።

«ማሚ!» አለች ሰሎሜ በሹክሹክታ።

ቀና ስል የካፌው ባለቤት ፊቴ ቆማለች፤ ወይዘሮ ኪዮኮ ይሏታል፣ ሰባ ዓመት ሳይሆናት አይቀርም። እኔን አየች፣ መቃኑን አየች። አልሳቀችም። ወደ መቃኑ ዞራ እሷም እጅ ነሣችው።

ውስጡ ጸጥ ያለ ነው። መደርደሪያው ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ሰዉ ትራስ ላይ ተቀምጦ፣ ሽማግሌው ከኮረዳዋ ጎን። ግድግዳው ላይ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ያደረገች ድመት ተሥላለች፤ ዝም በሉ ማለት ነው። ሬክስዴል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጥታ የሚገኘው ከተዘጋ በኋላ ነው።

ሰሎሜ ካርዴን ሰጠቻት። ወይዘሮ ኪዮኮ አነበበችና ይቅርታ አልጠየቀችም፤ እንደ ሰው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አሰበች። ከዚያ ገብታ ሩዝ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ሕፃን በጥቁር የባሕር ቅጠል ጠቅልላ አመጣች፤ መሐሉ በጨው የተቀመጠ ኮምጣጣ ፍሬ አለው። ቅጠሉን ትንሽ ተጠራጠርኩት፤ ዓሣ መሐል የሚያድግ ቅጠል ነው። በኋላ ግን ቅጠል ቢሰጥም ቢንሳፈፍም ቅጠል ነው ብዬ ወሰንኩ። ቅዳሜ ሰዓት መጠበቅ የለምና ሁለት በላሁ። የማኅበራችን ሴቶች ሆይ፣ ይኸው፤ የበላሁት ይህን ነው።

ሴትዮዋ እኔንና ሰሎሜን ተራ በተራ አየችና አንድ ስስ መጽሐፍ አውርዳ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ቀንድ የለውም። ጃፓንኛ አላውቅም፤ ግን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እያየሁ ያደግኩ ነኝ፤ ሥዕል ያለ ፊደል ይገባኛል። ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ከፈትኩት።

የመጀመሪያው ሥዕል ባዶ ቤት ነው። አንዲት ልጅ ጥቁር ለብሳ የአሮጊት ፎቶ ፊት ተቀምጣለች። ቀጥሎ ቀብር። ቀጥሎ ሆስፒታል፤ የሞተችው አሮጊት አልጋ ላይ ናት፣ ዓይኗ ተገልጧል! ገለበጥኩ። አሮጊቷ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፣ ስልክ አነጋገረች። ገለበጥኩ። ጓሮ ወጥታ ጎመን ቀነጠሰች፤ ፀጉሯም ጠቆረ። ባቡር ጣቢያ፤ ልጅቷ ሻንጣ ይዛ፣ እናትየዋ አቅፋት። ከዚያ አብረው ማዕድ ቀረቡ። ልጅቷ የተማሪ ልብስ ለበሰች፣ አነሰች፣ አነሰች፣ በመጨረሻው ሥዕል ሕፃን ሆና በእናቷ ጀርባ ታዝላለች፤ አዘላቸው ልክ እንደኛው ነው።

እንባዬ ወረደ። የሞተችው ተነሣች፣ የሄደችው ተመለሰች። የሕፃንነቱን ነገር ትንሽ ተቸገርኩበትና፣ በእግዚአብሔር ፊት ሰው ሁሉ ሕፃን ነው ማለቱ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ጃፓኖች ገድል መጻፍ ያውቃሉ ለካ አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ምልክት ስጠኝ ያልኩት አምላክ ይኸው መለሰልኝ፤ የሄደች ልጅ ትመለሳለች።

«ነይ ወዲህ» አልኳት ሰሎሜን። «ተንበርከኪ።»

«እዚህ?»

«እዚህ። ጫማሽን አውልቀሻል አይደል?»

ተንበረከከች። ሁለት እጄን ራሷ ላይ ጫንኩ። ምርቃት በኛ ዘንድ ጎረቤት እንዲሰማ ነው የሚመረቀው፤ ድመቷ ግን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ታየኛለች። በሹክሹክታ መረቅኩ። «ፈጣሪ ይከተልሽ። ከክፉ ሰው፣ ከክፉ ቀን ይሰውርሽ። በሰው ዘንድ ሞገስ ይስጥሽ። እዚሁ ቅሪ፣ ሠርተሽ እደሪ፣ በሰላም ተመለሺ።» ሰሎሜ በሹክሹክታ «አሜን፣ አሜን» አለች። አንባቢዎቹ ቀና ብለው አዩን፣ ወዲያው በጨዋ ደንብ ዓይናቸውን መለሱ። ልጄ አብዝታ አለቀሰች። ደስታ ነው ብዬ ተውኳት።

*እሑድ*

ጠዋት በማረፊያችን ጸለይኩ። ከሰዓት ወይዘሮ ኪዮኮን ልሰናበት ሄድኩ። ከቶሮንቶ የወሰድኩት ስጦታ በቅጠል ቅርጽ ጠርሙስ የተሞላ የሜፕል ሽሮፕ ነበር፣ ካናዳዎች ከዛፍ የሚቀዱት ማር መሰል ነገር፤ እኔ ራሴ ቀምሼው አላውቅም። እሷ ግን ያንን ስስ መጽሐፍ በሚያምር ወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። እጅ ነሣችኝ፣ እጅ ነሣኋት፤ ማን ቀድሞ ቀና እንደሚል ስላልተስማማን ብዙ ቆየን።

*ሰኞ*

ሰሎሜ ኤርፖርት ድረስ ልትሸኘኝ አብራኝ ተሳፈረች። ባቡር ውስጥ መጽሐፌን አውጥቼ ያንን ትንሣኤ እንደገና ልጀምር ስል፣ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩኝ። ትንሽ ታገሡ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ይቅርታ እየጠየቁ መጽሐፉን ከእጄ ወሰዱ፣ ገለበጡ፣ በሌላው ሽፋን በኩል ከፍተው መለሱልኝ። ጃፓኖች ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚያነቡት። እኔ ከመጨረሻው ተነሥቼ ወደ መጀመሪያው ነበር የሄድኩት።

አሁን ሕፃኗ ከእናቷ ጀርባ ወረደች። አደገች። ባቡር ጣቢያ ላይ ያየሁት እቅፍ የመምጣት አልነበረም፣ የመሄድ ነበር። እናትየዋ ብቻዋን ጎመን ቀነጠሰች፣ ፀጉሯ ሸበተ፣ ግድግዳ ተደገፈች፣ ሆስፒታል ገባች። ልጅቷ የደረሰችው ለፎቶው ነው።

መጽሐፉን ዘጋሁ። ሰሎሜ መስኮቱን ታያለች።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«አይቼሽ ነበር።»

«መቼ?»

«ገና ስትከፍቺው።»

«እና ዝም አልሽ!»

«ማሚ፣ ልነግርሽ ነበር፤ ሪሊ። ግን አንቺ ገጽ በገለጥሽ ቁጥር ሴትዮዋ እየዳነችልሽ ትሄዳለች። እንዴት ብዬ ላቁምሽ?»

«ምርቃቴን አታለሽ ወሰድሽ።»

«እሺ፣ መልሼልሻለሁ» አለች።  «ትኬቴ ይሠራል፣ ፓስፖርቴም ይኸው። ሻንጣዬን ይልኩልኛል። አብሬሽ እገባለሁ።»

ስመኘው የነበረ ነገር ይህ ነው። «ነይ» ብቻ ማለት ነበር የቀረኝ። ምርቃት ከአፍ ከወጣ አይመለስም ይባላል፤ በተገለበጠ መጽሐፍ ስለተሰጠ ምርቃት ግን አባቶች ያሉትን አላውቅም፣ እንዳልጠይቅም ቶሮንቶ ሰው ተኝቷል።

«አንብቢልኝ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ጽሑፉን። እኔ ሥዕሉን ብቻ ነው ያየሁት።»

አንብባ ተረጎመችልኝ። ልጅቷ ከከተማ ትደውላለች። እናትየዋ በአንድ እጇ ስልኩን፣ በአንድ እጇ ግድግዳውን ይዛለች።

«እዚህ ጋ ምን ትላለች?»

«ደህና ነኝ ትላለች።»

«እዚህስ?»

«ደህና ነኝ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

«ሆስፒታል ሆና?»

«ትንሽ ጉንፋን ነው ትላለች።»

ሁለት ጣቢያ አለፍን። «ሞኝ ሴት» አልኩ።

«ማን?»

«እናትየዋ ናታ! ምን ነበረበት ብትነግራት?»

ሰሎሜ ዞር ብላ አየችኝ። «ማሚ፣ በረዶ አዳልጦሽ እጅሽ የተሰበረ ጊዜ እኔ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። ‹ትንሽ ወለም ብሎኝ ነው› አልሽኝ። ስድስት ሳምንት ሙሉ በቪዲዮ ስንነጋገር ጄሶውን በነጠላ ሸፍነሽ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ሙቅ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለሽ፣ አንድ እጅሽ ብቻ ነጠላ ለብሶ?»

ሳቅኩ። ሽማግሌውም ምኑም ሳይገባቸው አብረውን ፈገግ አሉ።

ኤርፖርት ደረስን። ተሳፋሪ ብቻ የሚያልፍበት በር ጋ ስንደርስ ሰሎሜ ፓስፖርቷን እንደያዘች ቆመች።

«ደህና ነሽ ማሚ?»

አፌ በለመደው መንገድ ተከፈተ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ሊል ነው። ምስጋናውን በልቤ ያዝኩ፣ ቀሪውን ዋጥኩት።

«አይደለሁም» አልኳት። «ደረጃ ስወርድ ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ስድስት ወሩ ነው። ከሥራ ስመለስ ቤቱን ጨለማ ሆኖ እንደማገኘው ሳስብ ደግሞ እፈራለሁ። ዛሬ ሳይሆን ገና ቪዛውን የነገርሽኝ ዕለት ነው መፍራት የጀመርኩት።»

እንዲህ ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም። ልጄ ፊቷ ተለዋወጠ። «እሺ፣ እመጣለሁ፤ አሁኑኑ —»

«ቅሪ» አልኳት። «ደህና አይደለሁም፤ ቅሪ። ሁለቱም እውነት ነው።»

እጄን ራሷ ላይ ጫንኩና ያንኑ ምርቃት ከመጀመሪያው ደገምኩላት፣ በዚህኛው ጊዜ ዝም በሉ የሚል ሥዕል ስላልነበረ ጮክ ብዬ። ሻንጣ የሚጎትተው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። «አሜን» ያለችው ግን እሷ ብቻ ናት፤ አጥብቃ ነው ያለችው።

አውሮፕላኑ ሰኞ አመሻሽ ላይ ተነሥቶ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ቶሮንቶ አወረደኝ፤ ያቺን የጠፋችብኝን ቀን እንኳ ከነትርፏ መለሱልኝ። ቤት ገብቼ መብራቱን አበራሁ። አስፈሪ ነበር፤ ግን ያሰብኩትን ያህል አልነበረም።

ሰሎሜ እሑድ እሑድ ትደውላለች። «ደህና ነኝ» ማለት በሁለታችን ስምምነት ተከልክሏል። እሷ ሕፃናቱ ያስለቀሷትን ቀን ትነግረኛለች፣ እኔ ጉልበቴን፣ ሐኪሙ ያለኝን፣ የእንቅልፌን ነገር እነግራታለሁ። ባለፈው እሑድ ግን ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ፈልጌ የሚነገር ሕመም አጣሁ። ያንኑ የተከለከለውን አልኳት።

«ማሚ፣ አትዋሺኝ» አለችኝ።

ብለምናት፣ ባስረዳት አላመነችኝም። መማል ኃጢአት ባይሆን ኖሮ እምልላት ነበር።